የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አንድ ገጽ በሦስት መልክ

ክበባችን ዘንድሮ ምን ሠራ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ሠራ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ቀለም ሲቀያይሩ ከረሙ» መባሉን ስለሰማሁ ግን ትንሽ ላብራራ።

ቀለምስ ቀያይረናል። ከገጹ አናት ላይ «መደበኛ»፣ «ትልቅ ፊደል» እና «ጥቁር መደብ» የሚሉ ሦስት ቁልፎች አሉ። አንባቢው አንዱን ሲጫን ጽሑፉ ሳይነካ መልኩ ብቻ ይለወጣል። ጽሑፉ በአንድ ፋይል፣ አለባበሱ በሌላ ፋይል ስለሚቀመጥ ነው፤ የገጽን መልክ ለብቻው የሚጽፈው ቋንቋ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሲኤስኤስ፣ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ፋየርፎክስ የተባለው ብሮውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ገጹ አማራጭ መልኮች ካሉት ከምናሌው ያስመርጣል። ምናሌው ግን ተደብቆ ስለሚቀመጥ የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነው፤ እኛ ቁልፉን አደባባይ አወጣነው።

ሰኞ ሰኞ 23 አባላት እየተገናኘን ሠርተናል። ጥር ላይ የወር ሥራችንን የያዘው ፍላሽ በቫይረስ ስለተበላሸ እንደገና ጀመርን። የተመረጠው መልክ ወደ ሌላ ገጽ ሲታለፍ እየጠፋ ሲያስቸግረንም አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ብሮውዘሩ ምርጫውን እንዲያስታውስ አድርጎ ገላገለን።

በወላጆች ቀን አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወደ ጠረጴዛችን መጣች። ዐይኗ በደንብ አያይም፤ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ጓደኛዋ ናት የምታነብላት። አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው «መደበኛ»ውን ሞከረች፤ ነጭ ላይ ግራጫ ነበርና ተወችው። «ጥቁር መደብ»ን ስትጫን ቢጫ ፊደል ጥቁር ላይ ወጣ። ፊቷን ቀስ እያለች ከስክሪኑ አራቀች፤ ጀርባዋ የወንበሩን መደገፊያ እስኪነካ ድረስ። ከዚያም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመችና «መምህር፣ ‹ትምህርት› የሚለው ላይ ‹ህ› መሆን ሲገባው ‹ሀ› ነው የተጻፈው» አለችኝ።

ከጥር ጀምሮ 23 ሰዎች ስናየው የነበረ ገጽ ነው። አርሜ የፈረምኩበትም እኔ ነኝ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ ጎንበስ ብዬ የኮምፒውተሩን ገመድ የማስተካክል መሰልኩ።

በቀጣዩ ሰኞ ግራጫውን አጠቆርነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ንጽጽር ይጠይቃል፤ የእኛ ግራጫ 3ም አይሞላም ነበር። ቢጫው በጥቁር ላይ ከ19 ያልፋል። ልጅቷም የክበቡ አራሚ ሆናለች፤ ከእኔ ትሻላለች።

ከ12 ኮምፒውተሮቻችን የሚሠሩት 7 ናቸው። ድረ ገጹም እስካሁን የሚታየው ከቤተ ሙከራው በር ወዲህ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት የሚከፈለው ዓመታዊ ኪራይ ዘንድሮ ለማልያ ከወጣው ገንዘብ እንደሚያንስ በደብዳቤ አስረድተናል (ኳስ አልጠላም)። ደብዳቤው ከየካቲት ጀምሮ መልስ ይጠብቃል። ጠፍቶ ከሆነ ቅጂው እኔ ጋ አለ፤ ካስፈለገም በትልቅ ፊደል እናትመዋለን።