ደብዳቤ ለልጄ፦ ከካቡ ይልቅ ከሥሩ ያለውን አፈር

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከአቃቂ ማዶ ዳገቱ ላይ አገኘነው ያልከውን የድንጋይ ረድፍ ፎቶ አይቼዋለሁ። የጥንት ገበሬ ድንበር ነው ወይስ የትናንት እርከን ብለህ ጠይቀሃል። በፎቶ አይለይም። ከመቆፈራችሁ በፊትና ስትቆፍሩ ልታያቸው የሚገቡ ነገሮች ስላሉ ግን ልጻፍልህ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ የምታየውን ካብ ሁሉ አዲስ ነው ብለህ ጀምር፤ አርጅቶ ከሆነ ማስረጃው ራሱ ያሳምንህ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ብዙ ማሳ ተሸንሽኖ ድንበሩ ተለዋውጧል። ከዚያ ወዲህም የአፈር ጥበቃ ዘመቻ በየተዳፋቱ እርከን ሲደረድር ኖሯል። እርከን በገመድና በውሃ ልክ ስለሚቀየስ ከፍታውን ጠብቆ ዳገቱን አግድሞ ይሄዳል። ስለዚህ የረድፉን ከፍታ በየ10 ሜትሩ ለካ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልዩነቱ ኢምንት ከሆነ፣ በላይኛው በኩልም ቦይ ካለው፣ የዘመቻ ሥራ መሆኑን ጠርጥር። የማሳ ድንበር ግን ቁልቁልም ይወርዳል፣ ከሌላ ረድፍ ጋር ማዕዘን ይሠራል፣ አንዳንዴም የከብት ማሳለፊያ በር ይተውለታል።

አንድ ረድፍ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዳርትሙር በሚባለው ደጋ፣ የነሐስ ዘመን ገበሬዎች ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት የሠሯቸውን ዝቅተኛ ካቦች አንድሪው ፍሌሚንግ የሚባል አርኪዮሎጂስት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አጥንቷቸዋል። ሰውየው ጎበዝ የሆነው አንዱን ካብ ቆፍሮ ባለመቅረቱ ነው። ሁሉንም በካርታ ላይ ሲያሰፍራቸው፣ ትይዩ ሆነው ሸለቆና ወንዝ ሳይበግራቸው ለኪሎ ሜትሮች ቀጥ ብለው እንደሚሄዱ ታየ። ማሳው ዛሬ አንድ ነገ አንድ እየተጨመረ ያደገ ቢሆን መስመሩ እንዲያ አይሰምርም፤ መሬቱ አስቀድሞ ተቀይሶ ተከፋፍሏል ማለት ነው። ስለዚህ እናንተም መጀመሪያ ረድፉን በጂፒኤስ ተከተሉትና የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝ አስፍሩ።

በአየርላንድ ኬጄ የሚባለውን የጥንት ማሳ ደግሞ ትወደዋለህ፤ የአባትና የልጅ ሥራ ነው። ሜዮ በሚባለው አውራጃ ፓትሪክ ኮልፊልድ የሚባል መምህር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለማገዶ የሚቆረጠው የረግረግ አፈር ሲነሳ ከሥሩ የተደረደረ ድንጋይ ሲወጣ አስተዋለ። ድንጋዩ ከረግረጉ በታች ከሆነ ከረግረጉ በፊት የተደረደረ ነው። ልጁ ሼመስ አርኪዮሎጂስት ሆኖ ተመለሰበት። ሳይቆፍር ረጅም የብረት ዘንግ በየተወሰነ ርቀት ወደ ረግረጉ ይሰድዳል፤ ዘንጉ እስከ ወለሉ ከወረደ ባዶ ነው፣ ቀድሞ ድንጋይ ከመታ ካብ አለ። እንዲህ እያለ በብዙ ሄክታር ላይ የተዘረጋ የማሳ ካብ ካርታ አወጣ። ዕድሜው ብዙ ጊዜ 5,500 ዓመት ገደማ ይባላል፤ ከዚያ ይዘገያል ብለው የሚከራከሩ አጥኚዎችም አሉ።

ኬጄን ያተረፈው ከላይ የተጫነው ረግረግ ነው፤ ዳርትሙርን ደግሞ ኋላ ብዙ ሰው ስላላረሰው። የኛ መሬት ግን በየዓመቱ ደጋግሞ ማረሻ ይገባበታል። ማረሻ አፈሩን ገልብጦ ባይጥለውም ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይፍቀዋል። ካቡም ሲፈርስ ድንጋዩን ለቤት መሠረት የሚወስደው አይጠፋም። የሚተርፈው የአፈር ደረጃ ነው፦ በላይኛው በኩል እየታጠበ የወረደው አፈር ድንበሩን ተደግፎ ይቆለላል፣ በታችኛው በኩል ማረሻው እየበላ ያጎደጉደዋል። ድንጋዩ ሁሉ ተለቅሞ ቢያልቅም ይህ ደረጃ ይቆያል። እንግዲህ እናንተ የምትፈልጉት ነገር የተሸፈነ ነው፤ ከዳገቱ ወገብ ይልቅ ታጥቦ የወረደ አፈር ወደሚተኛበት እግሩ ውረዱ።

ስትቆፍሩ ካቡን በርዝመቱ አትከተሉት። ቀጥ አድርጋችሁ አቋርጡት፦ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃል፣ ካቡ መሃል ላይ ይሁን። የፈረሰውን ድንጋይ ከተደረደረው ለዩ፤ መሠረት የሆነው ድንጋይ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ የተንከባለለው ግን ከሥሩ ልል አፈር ይኖረዋል። የጉድጓዱን ግድግዳ በ1፡10 ልኬት ሳሉ። ከዚያ የመሠረቱን ድንጋይ አንሱና የረገጠውን አፈር ለብቻው 30 ሊትር ያህል ውሰዱ። ከሁሉ የሚበልጠው ናሙና ይህ ነው፤ በካቡ ድንጋይ መካከል የተገኘ ገል ከኋላ የገባ ሊሆን ይችላል፣ ከመሠረቱ ሥር ያለው ግን ካቡ ሳይሠራ የነበረ ነው።

ዋልካ ላይ ግን ይህ ሕግ አይሠራም። እንደምታውቀው ሜዳውን የያዘው ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ እስከ አንድ ሜትር ይወርዳል፤ ገሉም ከሰሉም የትናንቱ የፕላስቲክ ቁራጭም እዚያ ይገባል። ክረምት ሲገባ አፈሩ አብጦ ይጋፋል፣ የታችኛውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ግድግዳው ላይ ዘንበል ያሉ የሚያበሩ ለስላሳ ገጾች ካየህ አፈሩ ተንቀሳቅሷል፤ በአንድ ፍንጣሪ ከሰል ዕድሜ እንዳትሰጥ። ቢቻል ወደ ቀዩ አፈር ተጠጉ።

ከሰሉን ዕድሜው በካርቦን እንዲለካ ወደ ውጭ ቤተ ሙከራ ከመላካችሁ በፊት የምን እንጨት እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከመሠረቱ ሥር የባሕር ዛፍ ከሰል ከተገኘ ካቡ ከዚያ አይበልጥም፤ ወጪውም ይተርፋል። የበቆሎ ፍሬ ወይም የበርበሬ ዘር ቢገኝም እንዲሁ፣ ሁለቱም ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸውና ካቡ ከ1500ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይቀድምም። የሥርና የፍልፈል ጉድጓድ አስገብቶት እንዳይሆን ግን ዙሪያውን እዩ። ጥድና ወይራ ሌላ ጣጣ አላቸው፤ ዕድሜያቸው ረጅም ስለሆነ የግንዱ መሃል ከተቃጠለበት ቀን በመቶ ዓመታት ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ በአንድ ክረምት የበቀለ የእህል ፍሬ ይመረጣል። ውጤቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ድረስ ተዘርግቶ ቢመጣም አትናደዱ፤ የካርቦኑ ልኬት ወደ ዓመት የሚመለስበት ኩርባ እዚያ ዘመን ላይ ጠፍጣፋ ነው፣ ናሙና መደርደር ብቻውን ብዙ አያጠበውም።

ፍሬውን ለማግኘት አፈሩን በውሃ አንሳፍፉት። ሸክላማ ስለሆነ መጀመሪያ ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ በእጅ ካሻችሁት ከሰሉ ይደቃል። የወንፊቱ ቀዳዳ ከ0.3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ካጠለላችሁ ጤፍ ሁሉ ያልፋል፣ ከዚያ «ጤፍ አልነበረም» ተብሎ ይጻፋል። የዱር ዘመዶቹም ይመስሉታልና በአንድ ፍሬ አትማሉ። ከጣና ምሥራቅ ባሉት ዋሻዎች ጆአን ዶምብሮውስኪ የምትባል አርኪዮሎጂስት 2,500 ዓመት ገደማ የሆነው ገብስና ሽምብራ አግኝታለች፤ ፍሬያቸው ተለቅ ያለ በመሆኑም ለዓይን ይቀላል። እንሰት ደግሞ የሚተከለው በፍሬ ስላልሆነ በዚህ መንገድ እምብዛም አይገኝም፤ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩ ከቅጠሉ የቀሩ የሲሊካ ቅንጣቶች ይፈለጉለት።

ባልጩት ስታገኙ ቶሎ አትደሰቱ። መልካ ቁንጥሬ አጠገብ ያለው የባልጩት መንደር ምንጩ ቅርብ ነው፤ ድንጋዩንም ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ብቻውን ዘመን አይናገርም።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አንድ አካፋ እንዳታነሱ፤ ፈቃዱ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ከባለ ማሳውም ጋር የምትቆፍሩበትን ልክ፣ የሚጎዳውን ሰብልና ካሳውን በጽሑፍ ተስማሙ። ድንበር ላይ መቆፈር ጎረቤታሞችን ያጣላልና ሁለቱም ወገን በተገኙበት ካስማ ትከሉ፣ ካቡንም ስትመልሱ በቦታው መልሱት። የታችኛውን አፈር ከላይኛው ለይታችሁ ከምሩ፣ ስትደፍኑ የታችኛው ይቅደም፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ርገጡት። ሰኔ ሳይገባ ይጠናቀቅ፤ ዋልካ ውሃ ከጠጣ ግድግዳው በሰው ላይ ይናዳል። የግድግዳውን ስዕል ስትጨርስ ላክልኝ፤ ከፎቶው ይልቅ እሱን ማየት እፈልጋለሁ።

እናትህ፣ ከሰንዳፋ