ጉድጓዱን ማን ይድፈነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአባቴ ማሳ ቡሬ አጠገብ ነው። ጣሊያን ከዚህ የወጣው በ1933 ዓ.ም. የካቲት ላይ ቢሆንም ማረሻው ዛሬም ቀለህ ያወጣል። ልጆች ሳለን እንደ ፉጨት እንነፋው ነበር።

ዘንድሮ ጎረምሶች ብረት መፈለጊያ ማሽን ይዘው መጡ። ማሽኑ ጲጵ ባለ ቁጥር መቆፈር ነው። ወርቅ የመሰላቸው የማረሻ ስባሪ ሆኖ ሲወጣ፣ እውነቴን ነው፣ ሳቄ መጣ። አንዱ ግን ያልተተኮሰ ጥይት በድንጋይ ሊቀጠቅጥ ሲል ጮህኩበት። ዝገት እንጂ ባሩድ አልታየውም።

ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። ይህን ስነግራቸው «ጋሼ፣ የጣሊያን ዕቃ ምን ቅርስ ነው?» አሉኝ። አባቴ ቢሰማ! ማሽኑን ተሸክመው ሄዱ። አሥራ አንድ ጉድጓድ ቆጠርኩ፤ አንደኛው የበሬዬን እግር ሊሰብር ነበር።

ከቡሬ፣ ጎጃም