የነፍሳት ክበብ፦ ዓመቱን ከእሳት እራት ጋር

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ነው የከረመው፤ የእሳት እራቶችን በዝምድናቸው መመደብ። አመሻሽ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን አምፖል እናበራለን። የመጡትን ፎቶ አንስተን እንተዋቸዋለን። ለምርመራ የወሰድነው መብራቱ ሥር ሞተው ያገኘናቸውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ልጆቹ በቀለም ነበር የለዩአቸው። ቡናማው ከቡናማ፣ ነጩ ከነጭ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ “መምህር፣ እንዲህ ከሆነማ የሌሊት ወፍና እርግብም ክንፍ ስላላቸው ዘመድ ናቸው ልንል ነው” አለች። እውነቷን ነው። ቡናማ መሆን የዛፍ ግንድ ላይ ለመደበቅ ይጠቅማል፤ የማይዛመዱ ነፍሳትም በየፊናቸው ሊያፈሩት ይችላሉ። የዚያን ቀን ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርነው።

መንገዱን ያሳየን የጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ የቪሊ ሄኒግ ሐሳብ ነው። እሱ እንደሚለው፣ ቅርብ ዝምድናን የሚመሰክረው ከጋራ ቅድመ አያት የተወረሰ አዲስ ባሕርይ ነው። ክንፍ ላይ ያለው ዱቄት መሳይ ቅርፊት እዚህ ላይ አይረዳንም፤ ቢራቢሮውም የእሳት እራቱም አለው። ደግሞ ቢራቢሮዎች ራሳቸው ከእሳት እራቶች የዘር ሐረግ የወጡ አንድ ቅርንጫፍ ናቸው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ለማመን ተቸግረው ነበር።

በአጉሊ መነጽር ያየነውን አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከኋለኛው ክንፍ መነሻ ላይ ፀጉር የመሰለች ጠንካራ ዘንግ ትወጣለች። የፊተኛው ክንፍ ሥር ያለች ማቀፊያ ትይዛትና ሁለቱ ክንፎች አብረው ይመታሉ። በብዙ ዝርያዎች ወንዱ ያለው አንድ ወፍራም ዘንግ ነው፤ ሴቷ ግን ብዙ ቀጫጭን አላት። ይህን ከማወቃችን በፊት አንዱን ወንድና አንዷን ሴት ሁለት ዝርያ ብለን መዝግበናቸው ነበር!

ልጆቹን ከሁሉ በላይ የያዛቸው የዛንቶፓን ታሪክ ነው፤ ዛንቶፓን የአንድ የእሳት እራት ጂነስ (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎችን የሚይዝ ምድብ) ስም ነው። ዳርዊን በ1862 እ.ኤ.አ. ከማዳጋስካር የመጣ አንድ ኦርኪድ ተመለከተ። የአበባው ማር 30 ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ቱቦ ጫፍ ላይ ነው ያለው። እዚያ ድረስ የሚዘረጋ ምላስ ያለው የእሳት እራት መኖር አለበት አለ። እራቱ በሳይንስ የተገለጸው በ1903 ነው፤ ዳርዊን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ። ፕሬዲክታ ተባለ፤ አስቀድሞ የተነገረለት ማለት ነው። ነገር ግን የተመደበው በአፍሪካ ዋና ምድር የሚኖረው የዛንቶፓን ሞርጋኒ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ነበር። ዲኤንኤውና የአካል ልዩነቱ ተመርምሮ ራሱን የቻለ ዝርያ የተባለው በ2021 ነው። አንድ ዝርያ ብቻ ያለው ይባል የነበረው ጂነስ ሁለት ዝርያ ያለው ሆነ። እኔን ከትንበያው በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ስም ካገኘ በኋላ ትክክለኛ ቦታውን እስኪያገኝ ከ100 ዓመት በላይ ፈጀ።

እኛ የዲኤንኤ መሣሪያ የለንም። አንቴና፣ ክንፍ ላይ ያሉ የደም ሥር መሳይ መስመሮችንና ምላስ እያነጻጸርን፣ ጥቂት የባሕርይ ለውጥ የሚጠይቀውን የዝምድና ዛፍ መረጥን። አሥራ አንድ ዝርያዎች ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። አሥራ ሁለተኛው አንቴናው ተሰብሮ ነበር የተገኘው፤ ሁለት ቅርንጫፍ ላይ እኩል ይገጥማል። ልጆቹ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርገውበት ቻርቱን ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል።