ዳይኖሰሮቹን የጨረሰው የአስትሮይዱ ግዝፈት ብቻ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዳይኖሰሮች መጥፋት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከተማሪዎቼ ጋር አነበብነው። ሰላሌ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ልጆቹ በጣም ወደውታል። ይሁንና ጽሑፉ ግዙፍ አስትሮይድ (የጠፈር ድንጋይ) ወድቆ ጨረሳቸው ብሎ ያበቃል። ቁም ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

አስትሮይዱ ስፋቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዛሬ ሜክሲኮ በምንላት አገር፣ ዩካታን ላይ ወደቀ። 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድም ከፈተ። ጉድጓዱ ቺክሹሉብ ይባላል። ጉድጓዱ ሜክሲኮ ሆኖ ሳለ እልቂቱ ግን የመላው ዓለም ነበር። እንዲያ ርቀው የነበሩትን ምን ገደላቸው?

መልሱ ያለው አስትሮይዱ ባረፈበት መሬት ውስጥ ነው። የዩካታን ምድር የኖራ ድንጋይና ጀሶ ነው። ጀሶ ደግሞ ድኝ አለበት። በዚያ ግለት ጀሶው ተነነ። ድኙ ወደ ላይ ወጥቶ ፀሐይን የሚጋርድ ጭጋግ ሆነ። የቃጠሎ ጥላሸትና ደቃቅ አቧራም ተጨመረበት። ምድር ለወራት ጨለመች፤ ለዓመታት ቀዘቀዘች። ዕፅዋት ያለ ብርሃን ምግባቸውን መሥራት አቃታቸው። ቅጠል በሉ ተራበ፣ ሥጋ በሉም ተከተለው። ከዝርያዎች ሁሉ ሦስት አራተኛው ገደማ ጠፋ። ከጥላሸቱ፣ ከአቧራውና ከድኙ የቱ ይበልጥ ጎዳ የሚለው ተመራማሪዎችን ዛሬም ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉድጓዱ ተቆፍሮ ከወጣው ዐለት ውስጥ ግን ጀሶ የለም ማለት ይቻላል። በአካባቢው ሞልቶ እዚያ ብቻ መጥፋቱ ለእኔ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ሳይቤሪያ ውስጥ ፖፒጋይ የሚባል ሌላ ጉድጓድ አለ። ስፋቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዕድሜው ወደ 35 ሚሊዮን ዓመት ነው። እዚያ የተመታው ግራፋይት፣ ማለትም እርሳስ የሚሠራበት የካርቦን ዓይነት፣ ያለበት ጠንካራ ዐለት ነበር። ግራፋይቱ በግፊቱ አልማዝ ሆነ። እንደ ቺክሹሉቡ ያለ እልቂት ግን አልተከተለም። የፖፒጋዩ አነስ ያለ መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም የት ወደቀ የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ያክላል ከሚለው እኩል መጠየቅ አለበት።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው ጀሶው ደጃችን ስላለ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ መጀመሪያ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁሩ ባዛልት፣ ቀጥሎ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩም ነጣ ያለው ጀሶ ይታያል። ጥንት እዚህ የነበረ ባሕር ውሃው እየተነነ የተወው ነው። የዩካታኑም የተፈጠረው እንዲሁ ነው። ልጆቹ በእጃቸው ሲፈረፍሩት ትምህርቱ ወዲያው ይገባቸዋል።

አንዲት ተማሪዬ የዳይኖሰሮቹ መጨረሻ የትኛው ንብርብር ላይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ግሩም ጥያቄ ነው! እዚህ የለም። ባዛልቱ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው አሸዋ ድንጋይ ደግሞ ከአደጋው በፊት የተነጠፈ ነው። በመካከል የነበረውን ጎርፍና ነፋስ ጠርገውታል። አደጋው ትቶት ያለፈውን ስስ የሸክላ ንብርብር ለማየት እንደ ጣሊያኗ ጉቢዮ ያለ ቦታ መሄድ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሉዊስ አልቫሬዝና ልጁ ዋልተር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ ያደረጉት፣ የአስትሮይዱን መውደቅ የጠቆመው ግኝት ከዚያ የተነሳ ነው። በሸክላው ውስጥ ያገኙት ኢሪዲየም የተባለ ብረት በምድር ቅርፊት ላይ እጅግ ጥቂት፣ ከጠፈር በሚመጡ ድንጋዮች ውስጥ ግን ብዙ ነው።

በየዓመቱ ስንት የተማሪ አውቶቡስ ዓባይ በረሃ ይወርዳል! ልጆቹ ድልድዩን አይተው ይመለሳሉ። የሁለቱ ክልሎች ትምህርት ቢሮዎች በመንገዱ ዳር የየንብርብሩን ስምና ዕድሜ የሚገልጽ ሰሌዳ ቢያቆሙ ወጪው ብዙ አይደለም። እናንተም ጉዳዩን በሳይንስ ዓምዳችሁ ብትገፉበት። ጽሑፉን በማዘጋጀት እኔም ሆንኩ የሥራ ባልደረቦቼ በደስታ እንረዳለን።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦግራፊ መምህር፣ ከፍቼ