ፓርቲው መጨረሻ ነው የመጣው

የኔ እናት፣

ትናንት በስልክ «አባዬ፣ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) እንዴት ነው አገሩን የያዘው?» ስትይኝ ነገሩን ያዞርኩት መልስ አጥቼ አይደለም፤ በስልክ የሚወራ አይደለም። ዛሬ ደሴ ዝናቡ ቤት አውሎኛል፤ ልጻፍልሽ።

ኢሠፓ አገር አልያዘም። ተይዞ ያለቀ አገር ነው የተረከበው።

በ1967 የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አያትሽ ሐይቅ አጠገብ ጭሰኛ ነበሩ፤ ረሃቡ ሁለት ልጅ ወስዶባቸዋል። ኅዳር 14 ቀን ወታደራዊው ደርግ 60 ያህል ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ሲረሽን «እኛ ስንራብ የት ነበሩ?» ብለው ዝም አሉ። የካቲት 25 ጭሰኝነትን የሻረው የመሬት አዋጅ ሲነበብ ግን አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ደርግን ማማት እሳቸው ቤት ነውር ሆነ። አልፈርድባቸውም።

እኔ ለትምህርት ደሴ ስገባ ቀበሌ የሚባለውን አወቅሁት። መጀመሪያ የቤት ኪራይ ይሰበስብ ነበር (ያኔ «ኪራይ ሰብሳቢ» ስድብ አልነበረም)። ቀጥሎ ዳኛ ሆነ። ቀጥሎ ጠመንጃ ያዘ። ስኳር ለመግዛት ካርድ፣ ካርድ ላለማጣት ስብሰባ። ፓርቲ ገና አልነበረም፤ ሥራው ግን ተጀምሯል።

ተማሪዎቹስ? ከነሱ የወጡት ሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓም መኢሶንም፣ መሬት ላራሹ ብለው የጮኹ ናቸው። ኢሕአፓ የሕዝብ መንግሥት አሁኑኑ አለ፣ መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ፣ እየነቀፈ መደገፍ ማለት ነው። በዚህ ተገዳደሉ። የደርግ ቀይ ሽብር ኢሕአፓን ሲያሳድድ መኢሶን አብሮ ቆሞ ነበር፤ ነሐሴ 1969 ራሱ ሸሸ። ሶማሊያ ወርራለች፣ ኤርትራ ጦርነት ነው፤ ጥያቄ ያነሳ ሁሉ የጠላት ወገን ተባለ። ኢማሌድኅ በተባለው ከደርግ ጋር በቆሙ የግራ ድርጅቶች ኅብረት ውስጥ ከነበሩት አምስት ድርጅቶች በመጨረሻ የቀረው ሰደድ ብቻ ነው፣ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም የራሱ።

በ1972 ኢሠፓአኮ፣ ፓርቲውን የሚያደራጀው ኮሚሽን፣ ሲቋቋም ድርጅት ሆኖ መግባት ቀረ፤ በግል ብቻ። አየሽ፣ ተሰብስቦ እምቢ የሚል እንዳይኖር ነው።

ኢሠፓ የተመሠረተው ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት፣ በ1977 መባቻ ነው። አዲስ አበባ በመብራት ደምቃ ኮረም ላይ ሰው በረሃብ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። እኛም ደሴ መንገድ ላይ ቀይ ጨርቅ ስቀሉ ተባልን። ከሰሜን በእግሩ የመጣ የተራበ ሰው ከጨርቁ ሥር፣ አስፋልቱ ዳር ተቀምጧል። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አባትሽ