የ15 ደቂቃዋ ሸክላ

እህት ዓለም፣ እንዴት ከረምሽ? ቤቱ ሰላም ነው? እትዬ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራም አለ፣ ጤናም አለ።

ከተጻጻፍን ቆየን። ተቀያይመን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ኑሮ ነው። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰሽ»፣ ከዚያ ደግሞ ዝም። ዛሬ ግን ሰላምታ ብቻ አይበቃኝም። አንቺን ብቻ የሚገባሽ ወሬ አለኝ፣ ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ወንድምሽ ክፍል ሆነን የምንሰማው ዲስኮ ትዝ ይልሻል? ቦኒ ኤምን ማለቴ አይደለም፣ እሱንማ አገር ሁሉ ያውቀዋል። ያኛውን ነው የምልሽ፣ እንደ ማሽን የሚመታውን። ካሴቱ ከሰው ካሴት የተቀዳ፣ ያም ከሌላ ሰው የተቀዳ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ዲስኮ» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈበትም። ከውስጡ አንዱ ላይ ሴትዮዋ ከሩቅ እንደምትመጣ ሆና ትዘፍናለች፣ ከሥሯ ቤዙ ሳያቋርጥ ይሮጣል። ማን እንደዘፈነው፣ የት እንደተሠራ አናውቅም ነበር። እንጨፍርበት ነበር እንጂ።

የተሠራው እዚህ ነው! እዚሁ ሙኒክ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ልንገርሽና፣ በ1977 ነው። ዘፈኑ «አይ ፊል ላቭ» ይባላል፣ ዘፋኟ ዶና ሰመር ናት። ቦገንሃውዘን በሚባለው ሰፈር አራቤላ ሃውስ የሚሉት ረጅም ፎቅ አለ፣ ስቱዲዮው እሱ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ሙዚክላንድ ይባል ነበር። ስቱዲዮው ከተዘጋ ቆይቷል፣ ፎቁ ግን ዛሬም አለ፣ ሆቴል አለው፣ ሐኪሞች አሉበት፣ ሰውም ይኖርበታል። በዩ 4 ባቡር ሄደሽ መጨረሻው አካባቢ ስትወርጂ ፊት ለፊትሽ ነው። በር ላይ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አስቁሜ «እታች ምን እንደተሠራ ታውቃለህ?» ማለት ያምረኛል።

ሰዎቹ ደግሞ እነማን መሰሉሽ? ጆርጆ ሞሮደር ከጣሊያን ተራሮች፣ ከደቡብ ቲሮል የመጣ። ፒት ቤሎት እንግሊዛዊ። ዘፈኑን ከዶና ጋር ጽፈው ያዘጋጁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ዶና ሰመር የቦስተን ልጅ ናት፣ በ1968 ለሙዚቃ ቴአትር ሙኒክ መጥታ እዚያው ቀረች፣ ጀርመንኛም ተማረች። እንደኔው ከሰው አገር መጥተው ምድር ቤት ውስጥ የተገናኙ ሰዎች ናቸው። ይሄ ልቤን ይነካኛል። የዲስኮን ድምፅ ከሥሩ የቀየሩት አገራቸው ያልሆነ ከተማ ውስጥ ሆነው ነው።

አሠራሩን ስሚ፣ ይሄን ክፍል ስወደው! ሙግ የሚባል ትልቅ ሲንተሳይዘር ነበር፣ እንደ ቁም ሳጥን የቆመ፣ በገመድ የተሞላ። ሮቢ ቬደል የሚባል መሐንዲስ ነው ልጓሙን የያዘው። ማሽኑ ሲሞቅ ቅኝቱ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጥቂት ይቀዳሉ፣ ያቆማሉ፣ ይቃኙታል፣ ደግሞ ይቀዳሉ። እንደዚያ በየቁራጩ የተሠራ ነገር ስትሰሚው ግን አንድ ትንፋሽ ነው። ቬደል ያሳያቸው ብልሃት ነበረች፣ አስቀድሞ ቴፑ ላይ የምት ምልክት ይቀዳና ማሽኑ በየጊዜው ያንን እየተከተለ ይገባል፣ በኋላ የሚጨመረው ድምፅ ሁሉ ከፊተኛው ጋር ዝንፍ አይልም። የቤዙ እያንዳንዱ ምት ደግሞ ማሚቶ አለው። ምቱ በአንድ ጆሮሽ፣ ማሚቶው በሌላኛው ይመጣል፣ ሩጫው ከዚያ ነው የሚመጣው። በኛ ቴፕ፣ በዚያች በአንዷ ስፒከር፣ ይሄን ግማሹን እንኳ አልሰማነውም።

ማሽኑ አንድ ነገር አቃተው። ትልቁ ከበሮ፣ በእግር የሚመታው፣ ከሙግ ሊወጣ አልቻለም። ስለዚህ ኪት ፎርሲ የሚባል ከበሮ መቺ ቁጭ ብሎ በእግሩ መታው። ከዶና ሰመር ድምፅ ሌላ ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው እሱ ነው ማለት ይቻላል። «ማሽን ነው፣ ነፍስ የለውም» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይሄንን ነው የምነግራቸው። ነፍስማ አለው፣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እየቃኘው እንዴት ነፍስ ያጣል?

ዘፈኑ የአልበሙ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። አልበሙ ያለፉትን ዘመናት እየተከተለ ይመጣና በመጨረሻ መጪውን ዘመን ያሰማል ተብሎ የተሠራ ነው፣ ያ የመጪው ዘመን ድምፅ ይሄ ነበር። እንግሊዝ አገር አራት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት እኛ አገር ቀይ ሽብር ነው፣ ሰዓት እላፊ ነው፣ እናትና አባቶቻችን በጊዜ በራቸውን ዘግተው የሚቀመጡበት። ሁለቱን በአንድ ዓመት ሳስባቸው ይከብደኛል።

አሁን ወደ ዋናው ወሬዬ። አንድ ሰው አለ፣ ፓትሪክ ካውሊ ይባላል። በ1950 ቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ ነው የተወለደው፣ በ21 ዓመቱ አካባቢ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ፣ እዚያ ኮሌጅ ሲንተሳይዘር ተማረ። ክለብ ውስጥ መብራት ይሠራ ነበር። ይሄ ልጅ በ1978 «አይ ፊል ላቭ»ን ወሰደና ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ለራሱና ለጓደኞቹ ብሎ ከ15 ደቂቃ በላይ አደረገው። ቤዙን በቴፕ እያዞረ አስረዘመው፣ በላዩ ላይ በራሱ ሲንተሳይዘር አዲስ ድምፅ ጨመረበት። ዘፋኟ ለረጅም ጊዜ ትጠፋለች፣ ጭራሽ ሄደች ስትዪ ትመለሳለች። እኔ ከዋናው ይልቅ ይሄንን እመርጣለሁ። ዋናው ዘፈን ነው፣ ይሄኛው ግን ገብተሽ የምትቆዪበት ቦታ ነው።

ሱቅ ውስጥ አይገኝም ነበር። ከዲጄ ወደ ዲጄ ነው የሚሄደው፣ በእጅ። በኋላ ለዲጄዎች ብቻ ሸክላ የሚልክ ዲስኮኔት የሚባል ድርጅት አወጣው፣ ለሕዝብ የተሸጠው ግን በ1982 ነው። አራት ዓመት ሙሉ የሰማው ሁሉ ክለብ ሄዶ የሰማ ሰው ነው፣ የሚያውቁትም ለማያውቁት በአፍ የሚነግሩት። የኛ ካሴት ላይ የነበረው የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ርዝመቱን ሳስብ እሱ ይመስለኛል። ካሴቱ እስኪገለበጥ ድረስ አያልቅም ነበር፣ አይደል?

ካውሊ ከሲልቬስተር ጋርም ሠራ። ሲልቬስተር ከሎስ አንጀለስ የመጣ ጥቁር ዘፋኝ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እየዘመረ ያደገ፣ ሲዘፍን ጣራ የሚያነሳ ቀጭን ድምፅ ያለው። ሁለቱም ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ነበሩ፣ ይሄንንም አልደበቁም። ይሄ ሙዚቃ ያደገባቸው ክለቦች የነሱ ነበሩ። ሌላ ቦታ በር የሚዘጋባቸው ሰዎች፣ ጥቁሩም፣ ከላቲን አሜሪካ የመጣውም፣ እዚያ ገብተው እስኪነጋ ይጨፍራሉ። እኛ ሳናውቅ በእነዚያ ሰዎች ደስታ ነው አዲስ አበባ ውስጥ የጨፈርነው፣ ስለዚህ ስማቸውን ማንሳት አለብን ብዬ አምናለሁ።

ካውሊ በ1981 ከጓደኛው ጋር ሜጋቶን የሚባል አሳታሚ አቋቋመ። በዚያው ዓመት «መነርጂ» የሚለው ሥራው አሜሪካ ውስጥ በዳንስ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ታመመ። ሐኪሞቹ ምን እንደያዘው አላወቁም፣ በሽታው ገና በቅጡ ስም እንኳ አልነበረውም። እየታመመ ከሲልቬስተር ጋር «ዱ ያ ዋና ፈንክ»ን ሠራ፣ ሰምተሽ የታመመ ሰው ሥራ ነው አትዪም። ኅዳር 12 ቀን 1982 ሞተ፣ ገና 32 ዓመቱ ነበር። ሲልቬስተርም በ1988 በዚያው በኤድስ ሞተ፣ ከዘፈኖቹ የሚገኘውን ገቢ ለኤች አይ ቪ በጎ አድራጊዎች ተናዞ።

እህቴ፣ እኔና አንቺ ይሄን ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። ያን ዘመን እናውቀዋለን። ወጣት እየሞተ «ሳምባ ነው» እየተባለ የተቀበረበትን፣ ለቅሶ ቤት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበትን። ስለ ካውሊ ያነበብኩ ቀን የሰፈራችንን ልጆች አንድ በአንድ አስታወስኩ። እነሱም 30 ሳይሞላቸው የሄዱ ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ሥራቸውን ማን ያዘው? ትልልቆቹ ኩባንያዎች አይደሉም። የያዙት የወደዱት ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዳርክ ኤንትሪስ የሚባል ትንሽ አሳታሚ የካውሊን ያልታተሙ ቴፖች እየፈለገ ከ2013 ጀምሮ በሸክላ ያወጣል። አንዳንዱ ቀስ ያለ፣ ጭፈራ የሌለበት ነው፣ እንደዚህም ይሠራ ነበር ወይ ያሰኛል።

ጣሊያኖቹም አሉ። በ80ዎቹ መጀመሪያ ሚላኖና አካባቢዋ በየትንሹ ስቱዲዮ በጥቂት ገንዘብ፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን፣ ብዙ ዲስኮ ተሠራ። ስሙ ብዙውን ጊዜ የፈጠራ ነው፣ ፎቶው ላይ ያለው ሰውና የዘፈነው ሰው ይለያያሉ። አብዛኛው ወጥቶ ጠፋ። ጋርዳ ሐይቅ ዳር ላጺዜ ላይ ኮስሚክ የሚባል ክለብ ነበር፣ ከ1979 እስከ 1984፣ ዲጄው ዳንየለ ባልደሊ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበትን ሸክላ በ33 ፍጥነት እያዘገመ ያጫውት ነበር። በ1999 ደግሞ አይ ኤፍ የሚባል የሔግ ከተማ ዲጄ እነዚያን የተረሱ ሥራዎች አንድ ላይ ቀላቅሎ አወጣ፣ ከዚያ በኋላ ነው በየአገሩ ያለ ወጣት የጣሊያኑን ዲስኮ መፈለግ የጀመረው። ቺካጎዎቹም ቀድመው ይወዱት ነበር። እነሱ ከተማ በሐምሌ 1979 ቤዝቦል ሜዳ ላይ በሳጥን ሙሉ የዲስኮ ሸክላ በፈንጂ አፈንድተው ሰው እልል ብሏል። በዚያችው ከተማ ፍራንኪ ነክልስ ዌርሃውስ የሚባለው ክለብ ውስጥ ዲስኮውን ማጫወቱን አላቆመም። የሃውስ ሙዚቃ የተወለደው ከዚያ ነው።

ከኛ ደግሞ ኃይሉ መርጊያን ልጥቀስልሽ። የሱ ዲስኮ አይደለም፣ ግን ጆሮዬ ውስጥ ከነዚህ ጋር ይቀመጣል። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ፣ በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይዞ ብቻውን የድሮ ዜማዎቻችንን ቀዳ። ካሴቱ ወጣ፣ ተረሳ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፣ ባለቤቱን ፈልጎ በ2013 እንደገና አሳተመለት። ኃይሉ ያኔ ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳል፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ሳጥን አውጥቶ ይለማመዳል። ከዚያ በኋላ ዓለምን ዞሮ ተጫወተ። አንድ ካሴት ያልተጣለ ስለሆነ ነው ይሄ ሁሉ!

እና የምለምንሽ ይሄንን ነው። የወንድምሽ ካሴቶች አሉ? እባክሽ እንዳይጣሉ። እርጥበት ካለበት አውጫቸው፣ ፀሐይ ላይ ግን አታድርጊ። ቴፑ ከተጣበቀ በግድ አታጫውቺው፣ ይበጠሳል። መጀመሪያ እስክሪብቶ አስገብተሽ በእጅ ቀስ ብለሽ አዙሪው። እንደ ድሮው ካሴት የሚቀዳ ሱቅ ካገኘሽ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጪው፣ ሒሳቡን እኔ እልካለሁ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ስም ባይሆን እንኳ፣ የወንድምሽ እጅ ጽሑፍ ነው።

እስከዚያው አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የጆሮ ማዳመጫ አድርጊና መጀመሪያ የ1977ቱን ስሚ፣ ቀጥለሽ የካውሊን። ዩቲዩብ ላይ ሁለቱም አሉ። በስልኩ ድምፅ ማጉያ እንዳትሰሚው፣ ቤዙ አይወጣም። የቱ ጋ ብድግ እንዳልሽ ጻፊልኝ፣ ድሮም መጀመሪያ የምትነሺው አንቺ ነበርሽ። እሁድ ከሰዓት እደውላለሁ፣ ቁጥርሽ ከተቀየረ አዲሱን ላኪልኝ።

ያንቺዋ፣ ከሙኒክ