አልበርት ሆፍማን በኤልኤስዲ ብቻ አይታወሱ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት አልበርት ሆፍማን በ102 ዓመታቸው ማረፋቸውን በዜናችሁ ሳነብ ከልቤ አዘንኩ። ብዙ ሰው የሚያነሳቸው ባገኙት ኤልኤስዲ በተባለው ቅዠት አምጪ ዕፅ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሚያዝያ 1943 ባዝል ከተማ ውስጥ የዕፁን ሩብ ሚሊግራም በራሳቸው ላይ ሞክረው፣ በጦርነቱ ምክንያት መኪና ስላልተገኘ ከረዳታቸው ጋር በብስክሌት ወደ ቤት ሄዱ። ወተት ያመጣችላቸው ጎረቤት እንኳ ጠንቋይ መስላ ታየቻቸው።

እኔ ግን ፋርማሲስት ነኝ፤ ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው እሳቸው በሠሩት ሜተርጂን በተባለው መድኃኒት ነው። የኤልኤስዲም የሜተርጂንም ምንጭ አንድ ነው፦ በእህል ዛላ ላይ የሚወጣው ጥቁር ፈንገስ። መድኃኒቱ ማሕፀንን አኮማትሮ፣ ከወሊድ በኋላ ደም እየፈሰሳት ያለችውን እናት ያተርፋል። የዕረፍታቸው ዜና ይህን ሳይጠቅስ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አክሉበት።

ነፍሳቸውን ይማርልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ